ካርቡራተሩን ተዉት፤ መጀመሪያ ጎማውን እዩ!

የዛሬው ጉዳያችን ፍቅርም አይደለም፣ ኩርፊያም አይደለም፤ ሞተር ሳይክል ነው። «ሞተር ሳይክል ደግሞ እዚህ ገጽ ላይ ምን አገባው?» የምትሉ ካላችሁ፣ ሁለት ደብዳቤ ላስነብባችሁና ራሳችሁ ፍረዱ። አንደኛው ዕቁቡን ሊበላበት፣ ሁለተኛዋ ደመወዟን ልታስቆርጥ የደረሱበት ጣጣ ነው። የሁለቱም ጣጣ መነሻ ደግሞ፣ እንደኔ እንደኔ፣ ከመዳፍ የማትበልጥ አንዲት ጎማ ናት።

የመጀመሪያው ደብዳቤ የመጣው ከአዳማ ነው። ጸሐፊው ወጣት ነው፤ በዕቁብ ገንዘብ በገዛው ባለ 150 ሞተር ዕቃ እያመላለሰ ይኖራል። እንዲህ ይላል፦

«ነገሩ ከጀመረ ሦስት ወር ሆነው። ጠዋት ሲነሳ ደህና ነው። ሲሞቅ ግን ነዳጅ መስጫውን ለቅቄው እንኳ ድምፁ አልወርድ ይላል፤ እንደጮኸ ይቆያል። ወደ መተሐራ ስወርድ ደግሞ ይባስ ብሎ ያስለዋል፣ ጉልበት ያጣል። የመጀመሪያው መካኒክ ካንዴላ ቀየረልኝ። ሁለተኛው ካርቡራተሩን ፈትቶ አጠበና ቪቴዎቹን አስተካከለ፤ ለአንድ ሳምንት ተሻለው፣ ከዚያ ያው ሆነ። ሦስተኛው ‹ሞተሩ ይከፈት፣ ፒስተንና ፋሻ ይቀየር› አለኝ። የጠየቀኝ ገንዘብ በቅርቡ የሚደርሰኝን ዕቁብ ጠራርጎ የሚወስድ ነው። እናቴም የምትተዳደረው በዚሁ ሞተር ነው። ልክፈል ወይስ ልሽጠው?»

ወንድሜ፣ አትሽጠው። አትክፈልም፤ ማለቴ ገና አትክፈል። አንድ ሰዓት ጊዜ፣ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ 10 ቁጥር ቁልፍና ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አንድ ስሪንጅ ካለህ፣ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ራስህ የምትፈትነው ነገር አለ።

ነገርን ከሥሩ ነውና ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። የቤንዚን ሞተር በደንብ እንዲነድ ለ1 ግራም ቤንዚን 15 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ካርቡራተር ማለት ይህንን የሚመጥን ባለሙያ ነው፤ በሆዱ ያለፈውን አየር ያህል ቤንዚን ይሰጣል። በሆዱ ያላለፈውን ግን አያውቀውም። ይህቺን ነገር ያዝልኝ።

ካርቡራተሩ ሁለት አንገት አለው። ከኋላ በኩል ከፊልትሮው ሳጥን ጋር የሚያገናኘው ሰፊ ጎማ አለ። ከፊት በኩል ደግሞ ከቴስታታው ጋር የሚያያይዘው አለ፤ ይሄኛው ባንዳንዱ ሞተር ወፍራም የጎማ አንገት ነው፣ ባንዳንዱ ደግሞ በሁለት ቡሎን የሚታሰርና መካከሉ ላይ ጥቁር ፕላስቲክና ክብ ኦሪንግ ያለበት ነው። ሁለቱ አንገቶች ሲቀደዱ በሽታቸው ለየቅል ነው። የፊተኛው ከተቀደደ ያልተመጠነ አየር ይገባል፤ ሞተሩ አየር በዝቶበት፣ ቤንዚን አንሶት ይነዳል፣ ይግላል፣ ይጮኻል። የኋለኛው ከተቀደደ የሚገባው ያልተጣራ አየር ነው፤ ሞተሩ አይጮኽም፣ አያስለውም፣ ዝም ብሎ ከውስጥ ይፋቃል። አብዛኛው ሰው የሚጮኸውን ብቻ ነው የሚፈራው። እኔን ግን የበለጠ የሚያስፈራኝ ዝምተኛው ነው። እሱን ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ያንተን ምልክቶች ልብ ብለህ እይ። ነዳጅ መስጫውን ስትለቅ የካርቡራተሩ በር ይዘጋል። ሞተሩ ግን መምጠጡን አያቆምም፤ እንዲያውም ከበሩ ወዲያ ባለው አንገት ላይ መምጠጡ የሚበረታው በሩ ሲዘጋ ነው። አንገቱ ስንጥቅ ካለበት አየሩን የሚስበው በዚያ ስንጥቅ ነው። ስለዚህ ነው «ለቅቄው አልወርድ ይላል» ያልከው። ሲሞቅ የባሰበትም ምክንያት አለው፤ ጎማው ሲሞቅ ይለሰልስና ስንጥቁ አፉን ይከፍታል።

የመተሐራው ነገርስ? ይሄ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ደጋ ላይ ካርቡራተሩ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል ማለት ነው። ትንሽ ቀዳዳ ቢኖርህ፣ በቀዳዳው የሚገባው ትርፍ አየር ያንን ትርፍ ቤንዚን ያካክሰውና በሽታው ይደበቃል። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ መተሐራ ከ1,000 ሜትር በታች። ወደ ታች ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ መደበቂያው ይጠፋል፣ ሞተሩም ማሳል ይጀምራል። በደጋ እየነዱ «ሞተሬ ጤነኛ ነው» የሚሉ ስንቶች ቆላ ወርደው መንገድ ላይ እንደሚቀሩ አስበው።

ሁለተኛው መካኒክ ቪቴ ነካክቶ ለአንድ ሳምንት የተሻለህ ለምንድነው ብትል፣ ቤንዚኑን ጨመረውና ቀዳዳውን ሸፈነልህ። ቀዳዳው ሲሰፋ ሽፋኑ አልበቃ አለ። እኔ በዚህ ነገር ላይ አቋሜ የታወቀ ነው፤ አንገቱን ሳያይ ካቻቢቴውን ወደ ቪቴ የሚሰድ ሰው ትኩሳት ሳይለካ መርፌ እንደሚወጋ ነው። በነገራችን ላይ ያቺ ቪቴ በሁሉም ሞተር ላይ አንድ ዓይነት ሥራ አትሠራም። ወደ ፊልትሮው በኩል ያለችው አየር ነው የምትቆጣጠረው፤ ስትላላ አየር ይበዛል። ወደ ሞተሩ በኩል ያለችው ደግሞ የምትቆጣጠረው ቤንዚን ነው፤ ስትላላ ቤንዚን ይበዛል። የትኛዋ እንደሆነች ሳያውቅ የሚያዞር በተቃራኒው እየሄደ ነው። የሞተሩ በኩሏ ጫፏ ላይ ሞላ፣ ትንሽ ሮንዴላና ጤፍ የምታህል ኦሪንግ አላት። ካርቡራተር ሲታጠብ ይህቺ ኦሪንግ ወለል ላይ ትወድቅና ማንም አያያትም። ከዚያ በኋላ ሚኒሞው አልስተካከል ይላል፣ አየር በእሷ በኩል ይገባላ! ያንተም ካርቡራተር ታጥቧልና መኖሯን አረጋግጥ።

እሺ፣ ወደ ፈተናው እንግባ።

ገመዱን ነጻ ማውጣት ይቀድማል። ሞተሩን አስነሣና በሚኒሞ ላይ እያለ መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዙር። ድምፁ በመሪው ከተለወጠ ጥፋቱ የነዳጅ ገመዱ ነው፤ ይጎትታል ወይም ይነክሳል። ካልተለወጠ ወደ አንገቱ እንለፍ።

ስሪንጁን ውሃ ሙላ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በፊተኛው አንገት ዙሪያ፣ ከላይም ከታችም፣ መጋጠሚያዎቹ ላይ ጠብ ጠብ አድርግ። ቀዳዳ ካለ ሞተሩ ውሃውን ይስብና ድምፁ ይሰበራል፤ ይንተፋተፋል ወይም ለአፍታ ይወርዳል። የተለወጠበትን ቦታ በኖራ ምልክት አድርግ። ዋናው ቁምነገር የታችኛው ጎን ነው፤ ዓይን ስለማይደርስበት ቀዳዳው ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። ውሃው ምንም ካላሳየህ ካርቡራተሩን በእጅህ ይዘህ ቀስ ብለህ ወደ ጎን ገፋ አድርገው። ስንጥቁ ሲከፈትና ሲዘጋ ድምፁ አብሮ ይለዋወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጮክ ብዬ ልናገር፤ በውሃ ፈንታ ቤንዚን የሚረጩ ሰዎች አሉ። ድምፁ ቶሎ ስለሚለወጥ ነው አሉ! ከዚያች አንገት ስንዝር ርቀት ላይ የጋለ ማርሚታ አለ። አያድርስ ነው፤ ሞተሩም አንተም ትቃጠላላችሁ። ማንም «እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው» ቢልህ፣ ይቃጠል፣ ያንተን ሞተር ግን አታስነካው።

ሦስተኛው ፈተና ቾኩ ነው። ሞተሩ ሞቆ እያስቸገረህ ሳለ ቾኩን ግማሽ ያህል ሳብ። የሞቀ ሞተር በቾክ መታፈን ነበረበት፤ ያንተ ግን ከተረጋጋ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። ይሄ ወይ አየር በጎን እየገባ ነው፣ ወይ የቤንዚን ቀዳዳው ተደፍኗል። ካንዴላውንም አውጣና ተመልከት። ቡና ዓይነት ቀለም ደህና ነው፤ ነጭ ኖራ ከመሰለ ሞተሩ ከመጠን በላይ እየጋለ ነው። ስትለቅ ማርሚታው ውስጥ ጠሽ ጠሽ የሚል ከሆነ ግን ቸኩለህ አንገቱ ላይ አትፍረድ፤ ማርሚታው ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበት ጓርኒሲዮን ሲነፍስም እንደዚያው ያደርጋል።

ቀዳዳው ከተገኘ መፍትሔው ርካሽ ነው። አንገቱን ፍታና በፀሐይ ላይ አጥፈህ ተመልከተው። ሳይታጠፍ ጤነኛ የሚመስል ጎማ ሲታጠፍ ነው ጉዱ የሚወጣው። ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ከብረቱ ላይ መላቀቅ ከጀመረ መቀየር ብቻ ነው። ሲሊኮን የሚቀቡ አሉ፤ አይሆንም። ተራ ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይፈረካከሳል፣ ፍርፋሪው ወደ ውስጥ ይገባል። ካላማዳሪ ቆርጦ በኦሪንግ ፈንታ ማስገባትም ያው ነው፤ የጎማ ካላማዳሪ ቤንዚን አይችልም። ካላማዳሪ የሚጠቅመው መንገድ ላይ ስትቀር ነው። በአንገቱ ላይ ከውጭ ጥብቅ አድርገህ ጠቅልለህ ታስረውና ቀስ ብለህ ቤትህ ትገባለህ። ከዚያ ግን ይፈታ!

አዲሱን ስትገጥም ፋሸታውን እስኪጮህ አታጥብቀው። ጎማውን የሚቆርጠው ራሱ ፋሸታው ነው፤ ካርቡራተሩ በእጅ ሲወዘወዝ አለመዞሩ ይበቃል። ባለ ሁለት ቡሎኑም እንደዚሁ ነው። ቡሎኖቹን እያፈራረቅህ፣ ቁልፉን በሁለት ጣት ያዝ አድርገህ አጥብቅ። በሙሉ ክንድ የተጠበቀ አሉሚኒየም ይቀለበሳል፤ ዳርና ዳሩ ይጠብቅና መሃሉ ክፍት ይሆናል። መቀልበሱን ለማወቅ ፊቱን በመስታወት ላይ አስተኝተህ ከሥሩ ብርሃን ማለፉን እይ። ትንሽ ከሆነ ቀጭን ብርጭቆ ወረቀት በመስታወት ላይ አንጥፈህ በስምንት ቁጥር እያሸህ ታስተካክለዋለህ። ያንን ጥቁር ፕላስቲክ ደግሞ «ምን ያደርጋል» ብለህ እንዳትጥለው፤ የሞተሩ ሙቀት ወደ ካርቡራተሩ እንዳይሻገር የሚከለክለው እሱ ነው።

አሁን ወደ ዝምተኛው። ያንተ ከተማ ነፋሷና አቧራዋ የታወቀ ነው። የኋለኛውን ጎማ ፍታና ውስጡን፣ ከፊልትሮው ወዲህ ያለውን ክፍል፣ በነጭ ጨርቅ ጥረገው። ጨርቁ ንጹሕ ከወጣ ደስ ይበልህ። አቧራ ካነሣ ግን አቧራው ፊልትሮውን ሳያልፍ፣ በጎን በኩል እየገባ ነው። አቧራ ማለት አሸዋ ነው፤ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ቢላ እንደሚሞረድበት ድንጋይ ነው የሚሆነው፣ ፋሻውንም ሲሊንደሩንም ይፍቃል። (ድምፁ ያምራል ብለው ፊልትሮ አውልቀው የሚነዱ ጎረምሶችን ባየሁ ቁጥር የሞተሩ ዕድሜ ነው የሚታየኝ።) ስፖንጅ ፊልትሮ ከሆነ በነጭ ጋዝ፣ ከዚያ በሳሙና ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ተነክሮ ተጨምቆ ይመለሳል። የወረቀት ከሆነ አይታጠብም፣ ዘይትም አይነካውም።

ይህን የምልህ ሦስተኛው መካኒክ እውነቱን ሊሆን ስለሚችል ነው። አንገቱ ተቀድዶ ስለተገኘ ብቻ ፋሻው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ይህንንም ራስህ ፈትን፤ ካንዴላውን አውጣ፣ በቀዳዳው አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምር፣ ካንዴላውን መልስና መርገጫውን እርገጥ። ከቅድሙ ይልቅ መርገጫው ከከበደህ ፋሻው ተበልቷል፤ ዘይቱ ነው ክፍተቱን የደፈነው። በዚያ ላይ ሰማያዊ ጭስ ካለና ዘይት የሚጎድልብህ ከሆነ፣ መካኒኩ ልክ ነው። ያኔ ትከፍላለህ። ነገር ግን የኋለኛው ጎማ ሳይቀየር አዲስ ፒስተን ካስገባህ፣ አዲሱንም አቧራው ይበላዋል፤ የሚቀጥለውንም ዕቁብ ለዚያው ትገብራለህ። መርገጫው ካልተለወጠና ጭስም ከሌለ ግን ሞተር ማስከፈት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

እስክትሠራው ድረስ በዚህ ሞተር ቁልቁለት አትውረድ። ድምፁ በራሱ ከወጣብህ ቁልፉን አጥፋ። በቁልፍ አልጠፋ ካለ፣ ፍሬኑን ጥርቅም አድርገህ ይዘህ፣ ከፍተኛ ማርሽ አስገብተህ ፍሪሲዮኑን ልቀቅ፤ ታፍኖ ይጠፋል።

ሁለተኛዋ ጸሐፊ ከጎጃም ገጠር ወረዳ የጻፈች የግብርና ባለሙያ ናት። የመሥሪያ ቤቷ ሞተር ያማሃ ኤጂ 100 ነው፤ የገጠር ሠራተኞች የምታውቁት፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያነደው ባለ ሁለት ምት። ቁልቁለት ስትወርድ ሞተሩ ድርቅ ብሎ ቆመ፣ የኋላ ጎማው ተንሸራተተ፣ ወደቀች። ክንዷ ተሰብሮ ድኗል። አሁን መሥሪያ ቤቱ «ዘይት ሳትጨምሪ ነድተሽ ነው፤ የጥገናው ወጪ ከደመወዝሽ ይቆረጣል» ብሏታል። እሷ ደግሞ «ዘይቱ ሙሉ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮም በራሱ ይጮኽ ነበር፣ ለንብረት ክፍሉም ነግሬ ነበር፤ ማን ይስማኝ?» ትላለች።

እህቴ፣ እንኳን ተረፍሽ። «በራሱ ይጮኽ ነበር» ያልሽው ነገር ትልቅ ማስረጃ ነው። በባለ ሁለት ምት ሞተር አንገቱ ሲነፍስ ነገሩ ከባድ ነው፤ ፒስተኑ አሉሚኒየም ሲሊንደሩ ብረት ስለሆነ፣ ከመጠን በላይ ሲግል ፒስተኑ እጥፍ ያህል ይለጠጥና ሲሊንደሩን ይነክሳል። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ መስጫው ተዘግቶ ሞተሩ በፍጥነት ሲሽከረከር ደግሞ፣ ለወጣቱ እንዳልኩት፣ ስንጥቁ በኃይል ይስባል፤ ቤንዚኑ ደግሞ የሚያንሰው ያኔ ነው።

ስለዚህ ቅድሚያ የምትጠይቂው አንድ ነገር ነው፤ ሞተሩ አንቺ በሌለሽበት እንዳይከፈት። በደብዳቤ ጠይቂ፣ ቀሪ ያዢ። ሲከፈት ከንብረት ክፍሉ አንድ ሰው፣ አንቺና መካኒኩ ባላችሁበት ይሁን። ከመነካቱ በፊት የዘይት ጋኑ ውስጥ ስንት እንዳለ ይጻፍ፤ ዘይት ወደ ሞተሩ የሚወስደው ቀጭን ቱቦም ይታይ፣ አየር ከቋጠረ ፓምፑ አይሠራም። ካንዴላው ነጭ ከሆነ ይመዝገብ። የካርቡራተሩ አንገት ወጥቶ ታጥፎ ይታይ፤ ተሰንጥቆ ከተገኘ ለማንም ሳይሰጥ በላስቲክ ይታሸግና ሁላችሁም ትፈርሙበት። አንገቱ ጤነኛ ከሆነም ተስፋ አትቁረጪ፤ በማኛቶው በኩል ባለው የክራንኩ ጫፍ ላይ የዘይት መያዣ ጎማ አለ፣ እሱ ሲበላም አየር ያስገባል፣ ምልክቱም አንድ ነው። እሱን ግን በውሃ መፈተን አይቻልም፣ ይከፈት በሉ።

ፒስተኑም ይናገራል። አብዛኛውን ጊዜ ዘይት አጥቶ የነከሰ ፒስተን ዙሪያውን ይፋቃል፤ ቤንዚን አንሶት የጋለ ደግሞ አናቱ ይነጣል ወይም ይቀልጣል፣ ፍቀቱም በማርሚታው በኩል ይበዛል። አንዱን ከሌላው ለመለየት ልምድ ያለው ሰው ይጠይቃልና፣ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የማይሠራ መካኒክ አስተያየቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ አድርጊ። ለንብረት ክፍሉ የነገርሽው በቃል ከሆነ ማን አጠገብሽ እንደነበረ አስታውሺና ስሙን ያዢ። ክንድሽ የታከመበት ወረቀትም ቀኑን ስለሚያሳይ አይጥፋ።

እንግዲህ ሁለታችሁም ያገኛችሁትን ጻፉልኝ። ወንድሜ፣ አንተ ውሃው የት ላይ ድምፁን እንደሰበረውና መርገጫው ከብዶህ እንደሆነ፤ እህቴ፣ አንቺ ደግሞ ሞተሩ የተከፈተ ቀን አንገቱ ምን መስሎ እንደተገኘ። ለሌሎቻችሁም ገጹ ክፍት ነው፤ ባጃጅ የምትነዱም ብትሆኑ የዚህችው ጎማ ጣጣ አይቀርላችሁምና ጻፉ።